ወፌ ስትቆም እኔ ባልዲ ይዤ ነበር

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አላየሁም። ዳዴ ስትልም አላየሁም። ስትራመድ ደግሞ አንድ ፎቅ ታች ቆሜ ስለ ማህተም እየተከራከርኩ ነበር። እኔን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፈው።

ፈገግ ያለች ቀን ወረዳ ነበርኩ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሁለት ጊዜ ሄጄ «ሲስተም የለም» ተባልኩ፤ በሦስተኛው ተሳካ። ስመለስ ፈገግታዋን ጨርሳ ተኝታለች። ዳዴ ያለችው ደግሞ ሲሊንደር ላስሞላ ወጥቼ ነው። እነዚህን ይቅር ብያለሁ።

እርምጃዋ ግን አያመልጠኝም ብዬ ነበር። ዓመት ሊሞላት ሲል ሶፋ ይዛ መሄድ ጀመረች። ለቪዲዮ ቦታ እንዲኖር የስልኬን ፎቶዎች ግማሹን አጠፋሁ።

የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና አርብ ሌሊት። አርብ ማታ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩት። አየር ብቻ ተፋ። እንደተከፈተ ትቼው ተኛሁ። የልጅቷ ጨርቅ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ነበር፤ ቀዳዳውን ደፍኖታል። ውሃው መቼ እንደመጣ እንጃ። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ባለቤቴ ለጡጦ ስትነሳ እግሯ ውሃ ውስጥ ገባ።

የእኛ ቤት ቶሎ ደረቀ። ጉዱ ታች ነው። የታች ቤቷ እማማ ጣሪያቸው ያንጠባጥባል፣ ምንጣፋቸው ርሷል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «አይዞህ ልጄ፣ ውሃ አይደል? ይደርቃል» ሲሉኝ ነው ያፈርኩት። ባልዲና መወልወያ ይዤ ወረድኩ።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚቀጥለው ግን የማህበሩ ነው። የብሎካችን ተወካይ መጣና ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ አለ። እማማ አልከሰሱኝ። እኔም ቀለሙን አስቀባለሁ ብያለሁ። «የለም፣ አሰራር አለ።» በሦስት ኮፒ መሆን አለበት፤ ኮፒ ማድረጊያ ስለሌለ በእጁ ሦስት ጊዜ ጻፈው። የረጠበውን ቦታ በእርምጃው ለካ፤ ተጠራጠረና ደግሞ ለካው። ፈርሜ ልወጣ ስል «ማህተም ሳያርፍበት እንዳትሄድ» አለኝ። ማህተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል። ስልክ ቢደወልለት አያነሳም። እኔ «ሲመጣ ጥሩኝ፣ ቤቴ እዚሁ ከላይ ነው» እላለሁ፤ እሱ «ተጠያቂነት» ይላል። ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ እስከዛሬ አይገባኝም።

ያኔ ከላይ እልልታ ተሰማ። አማቴ ናቸው፤ የእሳቸውን እልልታ ብሎኩ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥሎ ጭብጨባ፤ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እማማ የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ ቀና ብለው አዩና «ውይ፣ ሄደች እንዴ?» አሉ።

ባልዲውን እንደያዝኩ ደረጃውን ወጣሁ። ስደርስ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች። አራት እርምጃ ነበር አሉኝ። አንዴ ድገሚልኝ ብዬ ለመንኳት። ዳቦዋን ሰጠችኝ። ቪዲዮስ? ስልኬ ቻርጅ ላይ ነበር፤ ውሃው ሌሊት ቆጣሪ አስጥሎ ኖሮ ባትሪው ባዶ ነው።

ከእኔ ተማሩ እንግዲህ። ውሃ መጣ አልመጣ ብላችሁ የከፈታችሁትን ቧንቧ ዝጉ። (ባለቤቴ ይህን ከተጋባን ጀምሮ ስትለኝ ነበር።) የዓመት ፈቃዳችሁን ደግሞ አራስ ቤት አትጨርሱት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ሰው ሁሉ «ከሚስትህ ጎን ሁን» ስላለኝ ከዓመት ፈቃዴ ሁለት ሳምንት ጨመርኩበት። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ እኔ በር ስከፍትና የአራስ ገንፎ ስበላ ከረምኩ። ፈቃዱ የሚያስፈልገው ሶፋ ይዛ ስትሄድ ነው እላለሁ። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም።

እርግጥ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ጤነኛ ልጅ ከ8 እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ብቻውን መሄድ ይጀምራል ይላል። አስር ወር ሙሉ ማን ዘብ ይቆማል? ቢያንስ ግን ማህተም ስትጠብቁ አይለፋችሁ። «ሳይታተም አትሂዱ» ብትባሉም ሂዱ። ወረቀት የትም አይሄድም።

ማህተሙ ሐሙስ አረፈ። የእኔን ኮፒ ከልደት ሰርተፍኬቷ ጋር አስቀምጬዋለሁ። «ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡30» ይላል። ልጄ መሄድ የጀመረችበት ቀንና ሰዓት የተጻፈው እሱ ላይ ብቻ ነው።