ባትሪው አልነበረም

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እማዬ የስኳር ክትትል ቀጠሮ ስላላት ጋቢዋን ደርባ ገቢና ተቀምጣለች። ቁልፉን ሳዞረው "ጠቅ"። በቃ። ደግሜ አዞርኩት፣ ጠቅ። ዳሽቦርዱ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ሬድዮው ይሰራል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ የለም። ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ፣ ስለዚህ እንደ አባዬ የድሮ ዲኤክስ የሰፈር ልጆች ጠርተን ገፍተን እናስነሳት አይባልም። ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አድርጌም ሞከርኩ፣ ያው ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ድምፁን ሰምተው ወጡና መኪናቸውን አስጠግተው በባትሪ ገመድ አገናኙልኝ፣ ወዲያው ተነሳች። "ልጄ፣ ባትሪሽ ደክሟል" አሉኝ፣ እኔም አመንኩ፣ በገመድ ከተነሳች ሌላ ምን ይባላል? ከሰዓት አዲስ ባትሪ ገዛሁ። በአራተኛው ቀን እንደገና ጠቅ።

ከዛ የወሰድኳት ጋራዥ ደግሞ ድምፁን አንዴ ሰምቶ "ሞተሪኖው ነው፣ ሶማሌ ተራ ሄደሽ ያገለገለ ግዢ" አለኝ፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ማለቱ ነው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) አላወጣም፣ ኮፈኖውን እንኳን በደንብ አልከፈተም። ይሄ ነገር ከልቤ ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም የመኪና ኤሌክትሪክ በግምት የሚሰራ ስራ አይደለም፣ ይለካል፣ መለኪያው ደግሞ ብዙ ጋራዥ ውስጥ አለ።

እሁድ ቀን የአጎቴ ልጅ መጣ፣ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። መጀመሪያ ያለኝ "አዙሪውና ዝም ብለሽ ስሚ" ነው። ቶሎ ቶሎ ጠጠጠጠ እያለ መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ተርሚናሉ (ገመዱ ባትሪው ላይ የሚታሰርበት) ላልቷል። ሞተሩ ክርር ክርር እያለ በደንብ ዞሮ ካልነሳ ባትሪና ሞተሪኖን እርሷቸው፣ ችግሩ ወይ ነዳጅ ወይ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ጋ ነው (የነዳጅ ፓምፑ ቁልፍ ሲከፈት ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝ ሲል ከኋላ ወንበር ይሰማል፣ አንዳንድ ቶዮታ ላይ ግን ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሚሰራ ዝም አለ ብላችሁ ፓምፕ እንዳትቀይሩ)። እንደኔዋ መብራቱ ሳይደበዝዝ አንዴ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ወይ ሞተሪኖው ነው ወይ ኃይሉ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው ቴስተር የሚያስፈልገው።

ባትሪውን ለካው፣ 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ከዛ እኔ ቁልፉን ይዤ እያዞርኩ እዛው ባትሪ ላይ አነበበ፣ 12.3። የደከመ ባትሪ ቢሆን ያኔ ከ9 ተኩል በታች ይወርድ ነበር። ቀጥሎ ያደረገውን ነገር ነው እስካሁን የማስታውሰው፣ የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ "አዙሪ" አለኝ። ሁለቱ በወፍራም ገመድ የተገናኙ ስለሆኑ ልዩነታቸው ቢበዛ ግማሽ ቮልት መሆን ነበረበት፣ ቴስተሩ 6 ምናምን አለ። ለሞተሪኖው ከሚያስፈልገው ኃይል ግማሹ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው።

እጄን ይዞ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ካምቢዮው (ከሞተሩ ጋር የታሰረው የማርሽ ሳጥን) የሚወርደውን ጥቁር ገመድ አስነካኝ። ላይ በኩል ቀዝቃዛ ነው፣ ታች ቡሎኑ ጋ ሞቅ ብሏል። ኃይል ማለፊያ ሲያጣ እዛው ይሞቃል አለኝ። ሲፈታው ከብረቱ ቀለበት ስር አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ፣ ከላይ ሲታይ እኮ ምንም አይመስልም፣ ጭቃ ነገር ብቻ ነው ያለበት።

ታዲያ ጋሼ ገመድ ሲያገናኙልኝ ለምን ተነሳች? ጥቁሩን መቆንጠጫ ባትሪዬ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ብረት ላይ ስለቆነጠጡት ነው! ትክክለኛው አሰራርም እሱ ነው፣ ባትሪ አጠገብ ብልጭታ እንዳይኖር። ሳያስቡት ግን የተበላሸውን ገመድ ዘለሉት፣ መኪናዋም ተነሳች፣ ሁላችንም ባትሪ ነው አልን።

ስራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ኔጌቲቩን ከባትሪው ነቀለ (ሁሌም እሱ ነው የሚቀድመው)፣ የገመዱን ቀለበትና የሚያርፍበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈገ፣ መልሶ አጠበቀና ላዩን ግሪስ ቀባው። ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሳች። በኔጌቲቩና በሞተሩ ብረት መካከል ያለውን እንደገና ለካው፣ 0.2። ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ 14.2፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም ጤነኛ ነው።

አሮጌው ባትሪ እስከዛ ቀን እቃ ቤት ተቀምጦ ነበር፣ አወጣንና ለካነው፣ 12.5። የጋሼ ባትሪ ደግሞ ሰሞኑን ጠጠጠጠ እያለ ነበር፣ የሳቸው እውነትም ደክሞ ነው። ወስጄ ሰጠኋቸው፣ አሁን እሳቸው መኪና ላይ ነው ያለው።