ቡናና የማስተማር ተራ

የቤት ኅብረታችን የሚሰበሰበው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ስለዚህ የሚመጣ ሰው ከልቡ ፈልጎ ነው የሚመጣው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አጥቢያችን ምእመናኑን ለጸሎትና ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በየሰፈሩ ሲያደራጅ የእኛ አካባቢ ኅብረት እኔ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። የተመረጥኩት በመንፈሳዊነቴ እንዳይመስላችሁ። ሳሎኔ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ነው። መሪ ሆኖ የተመደበው አንድ ወንድም ነበር። የእኔ ድርሻ ማስተናገድ ነው ተባለ።

መጀመሪያ ላይ ወንድሞች ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይገለጣል፣ ውይይቱ ይሞቃል። ሴቶቹ ጓዳ ነን። አንዷ ቡና ትቆላለች፣ አንዷ ዳቦ ትቆርሳለች፣ እኔ ሲኒ አጥባለሁ። ከትምህርቱ የሚደርሰን በበሩ በኩል የሚሰማው ብቻ ነው። ሕፃን የያዘች እናትማ እሱም አይደርሳትም። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። አዳራሽ የለመድነውን ነው ይዘን ቤት የገባነው።

መሪያችን ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲዛወር «ሌላ ወንድም እስኪመደብ ጠብቁ» ተባልን። ለመጠበቅ ያልፈለጉት አንዲት እናት ናቸው። በደርግ ዘመን ቤታቸውን ለኅብረት ከፍተው የነበሩ ሰው ናቸው። «ያኔ ወንድም እስኪመደብ ብንጠብቅ ኖሮ እናንተ ዛሬ የት ትገኙ ነበር?» አሉን።

ታሪኩን ብዙዎቻችን በደምሳሳው ነው የምናውቀው። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ከወንጌላውያኑ አንዷ የሆነችውን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ጸሎት ቤቶች ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን ለዓመታት አሰረ። ሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት በየተራቸው ቀምሰዋል። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው። ስትዘጋ ወደ 5,000 ምእመን የነበራት ቤተ ክርስቲያን ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ይዛ ነው ብቅ ያለችው። ይህ ቁጥር በየስብከቱ ይጠቀሳል። እነዚያ ቡድኖች የተሰበሰቡት በማን ሳሎን፣ በማን ጀበና ዙሪያ እንደነበር ግን እምብዛም አይነሳም።

እኚህ እናት ሲያወሩት ቀለል አድርገው ነው። ሰዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መዝሙር በሹክሹክታ ነው። የቀበሌ ሰው በር ቢያንኳኳ የሚያየው ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶችን ነው። አዲስ አማኝ የሚያስተምሩት፣ ለታሰሩት ስንቅ የሚቋጥሩት፣ የሚቀጥለው ስብሰባ የት እንደሆነ መልእክት የሚያደርሱት ብዙውን ጊዜ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ነበሩ። የተማረ ያስተምራል፤ ወንድ ነው ሴት ናት የሚል ጣጣ አልነበረም። «በ1983 አዳራሹ ተከፈተ፣ ማይኩ መጣ፣ እኛም ወደ ጓዳችን ተመለስን» ይላሉ እየሳቁ።

እኛም ወንድም እስኪመደብ ሳንጠብቅ ቀጠልን። መጀመሪያ ግን አብረን ማንበብ ነበረብን፤ ምክንያቱም ከመካከላችን ሴት ማስተማሯ የከበዳቸው ወንድሞች ነበሩ፣ እህቶችም ነበሩ። ሮሜ ምዕራፍ 16ን ከፈትን። እንደ ሰላምታ ዝርዝር አይተነው የምናልፈው ምዕራፍ ነው። ፌቤን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት። ጵርስቅላና አቂላ ቤታቸው የምትሰበሰብ ቤተ ክርስቲያን አለቻቸው፤ በሐዋርያት ሥራ 18 ደግሞ አጵሎስን የሚያህል አዋቂ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ ያስረዱት ሁለቱም ናቸው። ፊልጵስዩስ ላይ ልድያ ቤቷን ከፈተች። ኢየሩሳሌም ላይ ጴጥሮስ ከእስር ወጥቶ የሄደው ወደ ዮሐንስ ማርቆስ እናት ወደ ማርያም ቤት ነው፤ ሰዎች ተሰብስበው ሲጸልዩ ያገኛቸውም እዚያ ነው።

«ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ» የሚለው የ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ቃል መነሳቱ አልቀረም። እዚያው መልእክት ላይ ምዕራፍ 11 ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን ስለ መሸፈን ይናገራል። ዝም ያለች ሴት ትንቢት አትናገርም። ስለዚህ 14ን ሁሉን ዝም የሚያሰኝ አድርጎ መውሰድ ለእኔ አይሆንልኝም። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ላይ ግን አልተስማማንም። አንድ ወንድማችን ሴት ወንድን ማስተማር የለባትም ብሎ እስከ ዛሬ ያምናል። እህት ስታስተምር ግን መጥቶ ይቀመጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቀው?

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ክርክሩ ሳይሆን የተራ ወረቀቱ ነው። ፍሪጅ ላይ ለጠፍነው። የማስተማር ተራ አለ፣ የቡና ተራ አለ፣ ልጆች የመያዝ ተራ አለ። ሦስቱም ላይ የወንዱም የሴቱም ስም አለ። የዕለቱ አስተማሪ ጓዳ አይገባም። ቡና የሚፈላው ደግሞ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ በመሃል ከተጀመረ ሴቶቹ መነሳታቸው አይቀርም፣ አውቀዋለሁ። አንድ ጋሼ በተራቸው ቡናውን አሳርረው ቤቱን በጭስ ሞልተውት ነበር። ጠጣነው። አሁን ከእኔ የተሻለ ያፈላሉ።

ምግብ ላይም ገደብ አበጅተናል፤ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ በቃ። ገደቡ የመጣው ኅብረቱ አንዳንዴ በሌሎች ቤት ሲሆን ፉክክር ስለ ጀመረ ነው። አንዷ ዶሮ ሠራች፣ ቀጣይዋ ጥብስ ጨመረች፣ ከዚያ አቅም የሌላት እህት «ቤቴ አይመችም» ማለት ጀመረች። ቆሎ ሲሆን የሁሉም ቤት ይመቻል። ገንዘብ ቤት ውስጥ አንሰበስብም፤ መባ የሚሰጠው በአጥቢያ ነው። የታመመ ሰው ካለ ብቻ የሚዋጣለትን ገንዘብ ሁለት ሰው ይይዘውና እዚያው ተቆጥሮ ይላካል።

ድምፅ ሌላው ጣጣ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምስጢር አይጠብቅም። ፊት ለፊቴ ያለው ቤት ሙስሊም ቤተሰብ ነው፤ ከሥሬ ያሉት ኦርቶዶክስ ናቸው። ከመጀመራችን በፊት ሄጄ ነገርኳቸው። የአዳር ጸሎት እቤት አናደርግም፣ ስፒከር አንከፍትም፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ መዝሙር የለም። ከታች ያሉት እትዬ አንዳንዴ ለቡናው ይመጣሉ። ስለዚህ በጾም ወቅት ዳቦው ቅቤ አይነካውም።

ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው ሴቶች መናገር ከጀመሩ በኋላ ነው። አዳራሽ ውስጥ የጸሎት ርዕስ ሲባል ሥራ፣ ጤና፣ አገር ነው። ሳሎን ውስጥ ሌላ ነገር መጣ። ልጅ ስላልወለደች የባሏ ቤተሰብ የሚያሳቅቃት መጣች። ደመወዟን ባሏ የሚቀበላት መጣች። የምትደበደብ መጣች። በተቀላቀለ ስብሰባ ይህ ሁሉ እንደማይወጣ ስለገባን የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ እንሆናለን። ወንዶቹም ለብቻቸው ሲሆኑ ማውራት እንደጀመሩ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሚያወሩ ግን አልጠየቅኩም።

ለምትደበደበዋ እህት «እንጸልይልሽ፣ ቻይው» የሚል ነበር። ይሄን ነገር ጨርሶ አልወደውም። ጸለይን፤ በማግስቱ ሁለታችን ይዘናት ፖሊስ ጣቢያ፣ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሄድን። እስክትረጋጋ ድረስም እኚያ እናት ቤት አደረች። ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ ወጣ። የጸሎት ርዕስ ከዚህ በር አይወጣም፤ ለባልም፣ ለጓደኛም፣ «እንድትጸልይላት ብዬ ነው» በሚል ሰበብም ቢሆን። ይህን ያፈረሰ ሰው ይነገረዋል።

ሴቶች እንደሚያስተምሩ ሲሰማ የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጠሩን። ብቻዬን አልሄድኩም፤ እናታችንን ይዤ ሄድኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ያመኑ ሰዎች ከሽማግሌዎቹ መካከል ነበሩና ንግግሩ ወዲያው ለዘብ አለ። ሌላዋ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2000 እ.ኤ.አ. ሴት ቄስ መሾሟን አነሳሁ። «እኛ መካነ ኢየሱስ አይደለንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኔም ጥያቄ ስለ ሹመት ሳይሆን ያለ መሪ ስለ ቀረ አንድ ሳሎን ነበር። «እስከዚያው ቀጥሉ» ብለው ሸኙን። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አሁን ሳሎኑ ሞልቶ ለሁለት ተከፍለናል። አዲሱን ኅብረት ከእኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ባልና ሚስት ይመሩታል፤ ተራ በተራ ያስተምራሉ፣ የተራ ወረቀቱንም ገልብጠው ወስደዋል። አጥቢያው መዝገብ ላይ በመሪነት የተጻፈው ግን የባልየው ስም ብቻ ነው። የእሷም እንዲገባ እሱ ራሱ ማመልከቻ አስገብቷል። መልሱ ገና አልመጣም።