ዛክ ኧርትዝን ማን ይተካው?

ዲሴምበር 29 ቀን 2024 እሑድ ምሽት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሜሪላንድ ላንዶቨር በሚገኘው ስታዲየም የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖቹ ዋሽንግተን ኮማንደርስና አትላንታ ፋልከንስ መደበኛውን ሰዓት 24 ለ 24 ጨርሰው ወደ ጭማሪ ሰዓት ገቡ። ጀማሪው ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ) ጄይደን ዳንኤልስ የጎል መስመሩ ሁለት ያርድ ብቻ ሲቀረው ኳሷን የላከው ለወጣቶቹ ተቀባዮች ሳይሆን የ34 ዓመቱ ዛክ ኧርትዝ ላለበት ነበር። ኧርትዝ ኳሷን አንቆ ሲወድቅ ጨዋታው 30 ለ 24 አለቀ፤ ዋሽንግተንም ከ2020 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ መግባቷን አረጋገጠች። ያንን ምሽት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን ከልጄ ጋር ተቃቅፈን መጮኻችንን፣ ጎረቤት ይነሣብናል ብላ ባለቤቴ መቆጣቷን አስታውሳለሁ።

ከዓመት በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በ2024 አሥራ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ አምስት የተሸነፈው ቡድን በ2025 አምስት አሸንፎ አሥራ ሁለት ተሸነፈ። ዳንኤልስ በጉዳት ምክንያት አብዛኛውን ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ፤ ዲሴምበር 7 ሚኒያፖሊስ ላይ 31 ለ 0 በተሸነፉበት ዕለት ደግሞ የኧርትዝ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ሰውየው 35 ዓመቱ ነው፤ ውሉም የአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ስለዚህ ልጄ ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት ላይ ሳይቀር የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል፤ «አባዬ፣ በድራፍቱ መጀመሪያ ዙር ታይት ኤንድ መውሰድ የለባቸውም?» ይለኛል። ድራፍት ቡድኖች በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው፤ ታይት ኤንድ ደግሞ ኧርትዝ የሚጫወትበት ቦታ ነው። እኔ የለባቸውም ባይ ነኝ። ግን «አይደለም» ብሎ ማለፍ መልስ ስላልሆነ፣ ያሰብሁትን በጽሑፍ ላስረዳው ፈለግሁ።

አዲስ አበባ ያደግሁት በእግር ኳስ ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል የተማርሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ ያውም በልጄ በኩል ነው። ጨዋታው ሲገባኝ መጀመሪያ የወደድሁት የታይት ኤንድን ሥራ ነበር። ታይት ኤንድ ከመስመሩ ጫፍ፣ ከታክሉ (ኳርተርባኩን ከሚጠብቀው የመስመር ተጫዋች) ትከሻ አጠገብ ይቆማል። በአንዱ ጨዋታ 120 ኪሎ የሚመዝን ተከላካይን በደረቱ ገፍቶ ኳስ ይዞ ለሚሮጠው ጓደኛው መንገድ ይከፍታል፤ በሚቀጥለው ደግሞ ያንኑ ተከላካይ ገፋ አድርጎ የሚያልፍ መስሎ ወደ ሜዳው መሐል ሮጦ ኳስ ይቀበላል። ተጋጣሚው ሰው ለሰው እየተከላከለ ከሆነ እየሮጠ ማምለጥ፣ ክልል ይዞ እየተከላከለ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱን አግኝቶ መቆም አለበት፤ ይህንንም ኳሷ ከተነሣች በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ራሱ መርምሮ፣ ኳርተርባኩም እንደዚያው እንደሚመረምር አምኖ መወሰን ይጠበቅበታል። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ብዙዎቹ ታይት ኤንዶች ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ብቻ ሲሠሩ ስለሚያድጉ፣ ወደ ኤን ኤፍ ኤል፣ ማለትም ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ሲመጡ ሌላውን እንደ አዲስ ይማራሉ። ከኳርተርባክ ቀጥሎ ለመብሰል ጊዜ የሚፈልገው ቦታ ይህ ነው ቢባል ብዙ አሠልጣኞች የሚቃወሙ አይመስለኝም።

የኧርትዝን ጉዳይ ከሌላው ሁሉ የሚለየው፣ ለእሱ ተተኪ መፈለግ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ስመለከት አንድ የሚያስገርም ነገር አገኘሁ፤ ሦስት የተለያዩ ቡድኖች፣ እሱ በቡድናቸው ውስጥ እያለ፣ በድራፍቱ ሁለተኛ ዙር ተተኪውን መርጠዋል።

የመጀመሪያው ፊላደልፊያ ኢግልስ ነው። ኧርትዝን ራሱን በ2013 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛው ዙር፣ በ35ኛ ተራ የመረጠው ይኸው ቡድን ነበር። በፌብሩዋሪ 2018 ኢግልስ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስን 41 ለ 33 አሸንፎ የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን ዋንጫ፣ ሲወስድ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ቡድኑን መሪ ያደረገውን ታችዳውን (ኳስ ከጎል መስመሩ አልፎ የሚገኝ ስድስት ነጥብ) ያስቆጠረው ኧርትዝ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ያለው ቡድን ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ታይት ኤንድ ይመርጣል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ኢግልስ ግን አርሊንግተን ቴክሳስ በተካሄደው ድራፍት ከ52ኛ ወደ 49ኛ ተራ ከፍ ብሎ ዳላስ ጎደርትን ወሰደ። ከእሱ ቀጥሎ በ50ኛው ተራ ሊመርጥ የነበረው፣ በዚያው ሰሞን የብዙ ዓመት ታይት ኤንዱ ጄሰን ዊተን ሊያቆም መሆኑን የሰማው ዳላስ ካውቦይስ ነበር። ይህ ንጽጽር ሁሌም ያስደምመኛል። አንዱ ቡድን ሰውየው እያለ ተተኪውን ሲያዘጋጅ፣ ሌላው ሰውየው ሊሄድ ሲል መፈለግ ጀመረ፤ በአንድ ተራ ልዩነትም ተቀደመ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የጎደርት መምጣት ኧርትዝን አልጎዳውም። በዚያው በ2018 የውድድር ዘመን 116 ኳሶችን በመያዝ በወቅቱ በታይት ኤንድ ተይዞ የነበረውን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ጎደርት ደግሞ ያለ ጫና 33 ኳሶችን ይዞ ሥራውን ተማረ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ አብረው እየተሰለፉ አንዱ 88፣ ሌላው 58 ያዙ። ኢግልስ በኦክቶበር 2021 ኧርትዝን ወደ አሪዞና ካርዲናልስ ሲሸኘው ቦታው ለአንድ ቀን እንኳ ባዶ አልሆነም።

በአሪዞናም ያው ተደገመ። ካርዲናልስ በ2022 በ55ኛ ተራ ትሬይ ማክብራይድን መረጠ። ማክብራይድ በመጀመሪያው ዓመት 29 ኳሶችን ብቻ ሲይዝ ብዙ ሰው «ይህ ምርጫ ባከነ» ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኧርትዝ ጉልበቱን ተጎዳና ለወጣቱ መንገዱ ተከፈተ፤ በ2023 81፣ በ2024 ደግሞ 111 ኳሶችን ይዞ 1,146 ያርድ አስመዘገበ። ዛሬ ማክብራይድን ከሊጉ ምርጦች ተርታ የማያስቀምጥ ሰው የለም። እሱም ሆነ ጎደርት ከኧርትዝ ብዙ እንደተማሩ በአደባባይ ተናግረዋል፤ አንድ አንጋፋ ቦታውን ሊወስድ የመጣን ልጅ ሥራ ማስተማሩ በየትኛውም ሙያ ቀላል ነገር አይደለምና ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ከያዛቸው ኳሶች በላይ ነው።

ሦስተኛው የእኛው ዋሽንግተን ነው። በ2024 መጀመሪያ፣ በአሪዞና አሠልጣኙ የነበረው ክሊፍ ኪንግስበሪ የማጥቃቱን ክፍል እንዲመራ ሲቀጠር ኧርትዝም በአንድ ዓመት ውል ተከትሎት መጣ። በዚያው ኤፕሪል ቡድኑ ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤን ሲኖትን በ53ኛ ተራ መረጠ። ኧርትዝ በዚያ ዓመት 66 ኳስ፣ 654 ያርድና 7 ታችዳውን አስመዘገበ፤ በጃንዋሪ 2025 በኮንፈረንሱ ፍጻሜ የቀድሞ ቡድኑ ኢግልስ 55 ለ 23 ሲያሸንፈን እንኳ ብቻውን 11 ኳስ ይዞ ነበር። በተቃራኒው በኩል ደግሞ ጎደርት ተሰልፎ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በፊት የተተከለው ተክል ፍሬ ሲሰጥ ያየነው በእኛ ላይ ሆነ።

ሲኖትስ? በመጀመሪያው ዓመቱ አምስት ኳስ፣ 28 ያርድ። ከጎደርት 33ና ከማክብራይድ 29 ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው፤ በሁለተኛው ዓመቱም ኧርትዝ እስከ ተጎዳበት ቀን ድረስ 50 ኳስ ሲይዝ እሱ ከኋላው ነበር። የልጄ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ተተኪው ካልሆነ ሌላ ተተኪ፣ ያውም ከፊት ረድፍ፣ መውሰድ አለባቸው ይላል። ዋሽንግተን በመሸነፉ ብዛት በኤፕሪል 2026 ፒትስበርግ ላይ በሚካሄደው ድራፍት 7ኛውን ተራ አግኝቷልና ከታይት ኤንዶች ሁሉ የፈለገውን መምረጥ ይችላል።

የእኔ ተቃውሞ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቡድን አንጋፋ ታይት ኤንዱን በድራፍት መተካት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን አንጋፋው ገና ሳይሄድ፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ባሉት ተራዎችና የአንድ ሁለት ዓመት ትዕግሥት ይዞ መሆን አለበት። በታይት ኤንድ ታሪክ ከፍተኛው ተራ አትላንታ በ2021 ካይል ፒትስን የወሰደበት 4ኛው ነው። ፒትስ በመጀመሪያው ዓመት ከ1,000 ያርድ በላይ አስመዝግቦ ሁሉንም ካስደነቀ በኋላ በተከታዮቹ ዓመታት ያንን ከፍታ ሊደግመው አልቻለም። ባልቲሞር ሬቨንስ በ2018 በ25ኛው ተራ ሄይደን ኸርስትን መረጠ፤ በዚያው ድራፍት በ86ኛው ተራ ደግሞ ማርክ አንድሪውስን። ለዓመታት የቡድኑ ምሰሶ የሆነው ሁለተኛው ነው። ትራቪስ ኬልሲ 63ኛ፣ ጆርጅ ኪትል 146ኛ ተመራጮች ነበሩ። እነዚህን አምስት የመረጡ ባለሙያዎች ሁሉ ዓይናቸውን ገልጠው የመረጡ ናቸው፤ ሆኖም ታይት ኤንድ የሚበስለው ከተመረጠ በኋላ ስለሆነ በምርጫው ዕለት ማን እንደሚበስል መለየት ለሁሉም ይከብዳል።

ልጄ በዚህ ጊዜ ብሮክ ባወርስን ያነሣብኛል፤ እውነቱን ነው። ሬይደርስ በ2024 በ13ኛው ተራ የመረጠው ይህ ልጅ በመጀመሪያው ዓመቱ 112 ኳስና 1,194 ያርድ ይዞ የእኔን ክርክር የሚያናጋ ሥራ ሠርቷል። ዲትሮይት በ34ኛ ተራ የወሰደው ሳም ላፖርታም በ2023 ጀማሪ ሆኖ 10 ታችዳውን አስቆጥሯል። እንዲህ ዓይነት ልጆች አሉ። ነገር ግን 7ኛ ተራ በየዓመቱ የሚገኝ አይደለም፤ ዋሽንግተንም ካለፈው ዓመት ወዲህ የገጠመው ችግር በአንድ ቦታ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ዳንኤልስን በተደጋጋሚ ከጉዳት ለመጠበቅና ተጋጣሚን ለማስቆም የሚያስችሉ ቦታዎች ቀዳሚ ናቸው። በዚያ ላይ የጀማሪ ተጫዋች ደመወዝ በሚመረጥበት ተራ እንጂ በሚጫወትበት ቦታ አይወሰንም። ስለዚህ በ7ኛ ተራ የተመረጠ ታክል ወይም ኳርተርባክ አሳዳጅ ከሙያ ጓደኞቹ እጅግ ባነሰ ዋጋ ሲያገለግል፣ በዚያው ተራ የተመረጠ ታይት ኤንድ ግን ገና ሳይፈተን በቦታው ጥሩ ከሚከፈላቸው ጋር ይቀራረባል።

የሚያሳዝነው፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማው ሁለተኛው ዙር በዘንድሮው ድራፍት የዋሽንግተን አለመሆኑ ነው፤ ባለፈው ዓመት ታክሉን ላረሚ ተንሲልን ከሂውስተን ለማምጣት ሰጥተውታል። ያንን ልውውጥ አልነቅፈውም፤ ወጣት ኳርተርባክን የሚጠብቅ ታክል ያስፈልግ ነበር። ግን ዋጋው ዛሬ እየተከፈለ ነው።

እኔ ብሆን የማደርገው እንዲህ ነው። በማርች የተጫዋቾች ገበያው ሲከፈት ዕድሜው ከ30 ያልዘለለ፣ ኳስ የሚይዝና ከዚህ በፊት መደበኛ ተሰላፊ የነበረ ታይት ኤንድ በሁለት ዓመት ውል አመጣለሁ። ሌላው ታይት ኤንዳችን ጆን ቤትስ መንገድ በመክፈቱ ሥራ እንዲቀጥል አደርጋለሁ፤ በ2025 ውሉን ያደሱለትም ለዚያ ሙያው ነው። ዋሽንግተን ከዚህ ቀደም ጆርዳን ሪድን በ2013 ያገኘው በሦስተኛው ዙር ነውና፣ ዘንድሮም ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ጥሩ ልጅ ሲገኝ መውሰድ ነው። ለሲኖት ደግሞ እስካሁን ያላገኘውን ነገር፣ ማለትም ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ከዳንኤልስ ጋር በተከታታይ መሰለፍን እሰጠዋለሁ። ማክብራይድ ሊጉን ያስደነቀው ከፊቱ የነበረው ሰው ሲጎዳ ነው፤ ሲኖት ያንኑ ዕድል በዚህ ዓመት ካላገኘ ለምን እንደመረጡት አይገባኝም። ሁለት ዓመት ከኧርትዝ ጎን ቆሞ ያየው ነገር እንዳለ ለማወቅ የሚቻለው ሜዳ ላይ ሲገባ ብቻ ነው።

ኧርትዝ ራሱ ጉልበቱ ድኖለት መጫወት ከፈለገ፣ በበጋው ልምምድ ለማየት እጓጓለሁ። ቁጥር አልጠብቅበትም፤ በሦስተኛ ሙከራ አምስት ያርድ ሲያስፈልግ የት መቆም እንዳለበት ለሚቀጥለው ልጅ የሚያሳይ ሰው እንዲኖር ነው። ልጄ ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ «ባወርስን የመሰለ ልጅ በ7ኛው ተራ ቢገኝስ?» ብሎ ጠይቆኛል። በኤፕሪል ያ ምሽት ሲደርስ አብረን ቁጭ ብለን እናያለን፤ የእሱ ምርጫ ከተጠራ ከወንበሬ ተነሥቼ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።