ሦስቱም ሰርቨር አንድ ላይ ሲወድቁ የቱን ቀድማችሁ ታስነሳላችሁ? እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው

ይሄን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ የ45 ደቂቃ ሽያጭ በገዛ እጄ ስለማላጠፋ ነው። ቢሮአችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው፣ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት ሲስተም የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ መርካቶና ካዛንቺስ ያሉት ሱቆች በኢንተርኔት እኛ ጋ ያለው ዳታቤዝ ላይ ነው የሚሸጡት። በፊት ሰርቨሩ አንድ ነበር፣ እሱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል፣ ስለዚህ ማሪያዲቢን (የዳታቤዙ ሶፍትዌር ነው) በጋሌራ ክላስተር ሦስት ሰርቨር ላይ አደረግኩት፣ ጋሌራ ሦስቱም አንድ አይነት ዳታ እንዲይዙ ያደርጋል፣ አንዱ ቢቆም ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

ማቋቋሙ አያስቸግርም። ሦስቱም ላይ ኢንስቶል ማድረግ፣ ኮንፊግ ላይ የሦስቱንም አድራሻ መጻፍ፣ ፖርት 3306፣ 4444፣ 4567 እና 4568 መክፈት፣ የመጀመሪያውን በቡትስትራፕ ኮማንድ (ሌሎቹን ሳትጠብቅ ክላስተሩን ጀምር የሚለው)፣ ሌሎቹን በተለመደው ስታርት ማስነሳት፣ አለቀ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ቡትስትራፕ ያደረጋችሁት ሰርቨር "ዋናው" አይደለም፣ ክላስተሩን መመስረት ብቻ ነው ስራው፣ ከዛ በኋላ ሦስቱም እኩል ናቸው። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ 1ኛው ዋናው ነው የሚል ነገር ቀርቶ ነበር፣ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት 9:30 ላይ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ አልተነሳም፣ ናፍጣ አልነበረውም። በየወሩ ከኪራይ ጋር የናፍጣ እያሉ ይቀበሉናል፣ ጋሼ ጥበቃው እንደነገረኝ ግን ካለቀ ሳምንት ሆኖታል፣ እሳቸው ተናግረዋል፣ የሕንፃው አስተዳደር ሰው አልሰማቸውም። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። 1ኛው ሰርቨር ለብቻው አሮጌ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ) ላይ ስለነበር 10:05 ላይ ሞተ። 2ኛውና 3ኛው ከራውተሩ ጋር ትልቁ ዩፒኤስ ላይ ስለነበሩ ቀጠሉ፣ ከሦስት ሁለቱ ካሉ ብዙሃን ናቸውና ክላስተሩ መስራቱን አያቆምም፣ ሱቆቹም ምንም ሳይታወቃቸው ይሸጡ ነበር። 10:50 ላይ ትልቁም ዩፒኤስ አለቀ።

መብራት 12 ሰዓት ላይ መጣ፣ እኔ 12:20 ደረስኩ። ሦስቱም ሰርቨሮች በርተዋል፣ ዳታቤዙ ግን ሦስቱም ላይ ፌይልድ ይላል። አንዱን አስነሳለሁ፣ ሌሎቹን ይጠብቅ ይጠብቅና ይወድቃል፣ ሌላውን አስነሳለሁ እሱም እንደዛው። አለቃዬ በየ5 ደቂቃው ይደውላል። 1ኛውን ቡትስትራፕ ላድርግ ስል ከዚህ ሰርቨር ማስነሳት አደጋ ሊኖረው ይችላል ብሎ እምቢ አለኝ። ግራስቴት የሚባለውን፣ ሰርቨሩ የት እንደደረሰ የሚመዘግብበትን ፋይል ከፈትኩት፣ ሴክኖ (የመጨረሻው ለውጥ ተራ ቁጥር) የሚለው ቦታ -1 ይላል፣ አይታወቅም ማለት ነው፣ ሴፍ ቱ ቡትስትራፕ (ከዚህ ማስነሳት ይቻላል ወይ) የሚለው 0 ነው። ሦስቱም ላይ እንደዛው ነው፣ ምክንያቱም ሦስቱም በወጉ ሳይዘጉ ነው የጠፉት። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ምክር ሁሉ 0ውን 1 አድርገው ይላል፣ አደረግኩት፣ 1ኛው ላይ፣ "ዋናው" ስለሆነ። ተነሳ! ደስ አለኝ።

ከዛ 2ኛውን ሳስነሳ ሎጉ ላይ የዚህ ሰርቨር ቁጥር ከግሩፑ ይበልጣል፣ ዳታ እንዳይጠፋ አቁሜያለሁ፣ መቀጠል ከፈለግክ ግራስቴትን አጥፍተህ እንደገና አስነሳ የሚል ነገር ጻፈ። ይሄ ማስጠንቀቂያ ነበር። እኔ ጋ ብዙ ዳታ አለ፣ የተሳሳተውን ነው ያስነሳኸው እያለኝ ነበር። እኔ ያነበብኩት ግን የመጨረሻውን ግማሽ ብቻ ነው፣ አጥፍተህ አስነሳ የሚለውን። አጠፋሁ፣ 3ኛው ላይም ደገምኩት። ሁለቱም ከ1ኛው ሙሉ ኮፒ ወሰዱ፣ ሙሉ ኮፒ ሲወሰድ ደግሞ የነበረው ዳታ ይደመሰሳል። ማታ 2:00 ሰዓት ላይ ሦስቱም ሲንክድ (እኩል ሆነናል) ብለው ቤቴ ሄድኩ።

እሁድ ጠዋት የመርካቶዋ ካሸር ደወለች፣ "ወንድሜ፣ ትናንት ከ10 ሰዓት በኋላ የሸጥኩት የት ሄደ?" አለችኝ። እዛው ስልኩን እንደያዝኩ ነው የገባኝ፣ 1ኛው 10:05 ላይ ስለሞተ ከዛ እስከ 10:50 የተሸጠው እሱ ላይ አልነበረም፣ እኔ ደግሞ ሌሎቹን በሱ ኮፒ አስደመሰስኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ከካሽ ማሽኑ ደረሰኝ ላይ አንድ በአንድ እያየን በእጅ አስገባነው፣ እሷ እያነበበች እኔ እየጻፍኩ።

ማድረግ የነበረብኝ ይሄን ነበር። ምንም ከመንካቴ በፊት የሦስቱንም የዳታ ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ ማድረግ፣ አለቃ ቢደውልም ባይደውልም። ቀጥሎ ሦስቱም ላይ የሪከቨር ኦፕሽኑን (የመጨረሻውን ተራ ቁጥር ከዳታው ውስጥ ፈልጎ የሚያወጣውን) ማስኬድ፣ እሱ ረጅም መለያ ያወጣና ከሁለት ነጥቡ በኋላ አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ መለያው ሦስቱም ላይ አንድ አይነት መሆኑን አይቶ ቁጥሩን ማወዳደር፣ ትልቁን የያዘው ነው መጀመሪያ የሚነሳው፣ 1 የሚጻፈውም እሱ ላይ ብቻ። ሁለት ቦታ ቡትስትራፕ ካደረጋችሁ ሁለት የተለያየ ክላስተር ይሆንባችኋል። ሌላው የቆጨኝ ደግሞ፣ ጋሌራ መጨረሻ ላይ እነማን አብረው እንደነበሩ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ 2ኛውንና 3ኛውን በአንድ ጊዜ ባስነሳቸው ራሳቸው ተገናኝተው የመነሳት እድል ነበራቸው። እኔ አንድ በአንድ እያስነሳሁ ነበር የማደክማቸው።

መልእክቱ ራሱ ግራስቴትን አጥፋ ይላል፣ እኔ ግን አታጥፉ ነው የምለው፣ ቁጥሮቹን ሳታወዳድሩ በፍጹም። ሰርቨር ሲበራ ዳታቤዙ አብሮ በራሱ ይነሳ የሚለውንም ሦስቱም ላይ አጥፍቼዋለሁ፣ ብዙ ሰው አይስማማም፣ ለኛ አገር መብራት ግን ሰው አይቶ ቢያስነሳው ይሻላል። አስባችሁበት ስትዘጉ ደግሞ መጨረሻ የዘጋችሁትን መጀመሪያ አስነሱ፣ 1 የሚጻፈው እሱ ላይ ነው። ጂካሽ የሚባለውም (የቅርብ ለውጦች የሚቀመጡበት ቦታ) ካልነካችሁት 128 ሜጋ ብቻ ነው፣ ጨምሩት፣ ትንሽ ቆይቶ የተመለሰ ሰርቨር የጎደለውን ብቻ ይወስዳል፣ ካልሆነ ሙሉውን ነው የሚቀዳው። ሦስት ሰርቨር አለኝ ብላችሁም ባክአፕ አትተዉ፣ እኔ ትቼ ነበር፣ ስህተቴን ሦስቱም እኩል ነው የተቀበሉት።

አሁን 3ኛው ሰርቨር ስታዲየም አካባቢ ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። ራኩ (የሰርቨር መደርደሪያው) ላይ "መጀመሪያ ኮፒ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ከዛ 1" የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ባለፈው ወር እሁድ ቀን ሱቆቹ ዝግ ሳሉ የሦስቱንም ገመድ ነቅዬ ካሸሯ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እያየች አስነሳሁት፣ የመጨረሻዋን ደረሰኝ ስክሪኑ ላይ ፈልጋ አገኘቻት።