መጋቢት ሐምሌ የሆነበት ሰንጠረዥ

በባሕር ዳር አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የ2011 ዓ.ም. የርክክብ መዝገቡን በኮምፒውተር አስገብቼ እንድተነትንለት በጠየቀኝ ጊዜ፣ የሚከብደኝ ስሌቱ መስሎኝ ነበር። ያሳሳተኝ ግን የቀን አጻጻፍ ነው። አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ፣ አምነው መዝገባቸውን ለሰጡኝ ሰዎች የተሳሳተ ምክር ይዤ ባልቀረብሁ ነበር።

የማኅበሩ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ተጨማሪ ማቀዝቀዣና መረብ ለየትኛው ወር ይዘጋጅ? ቆሮሶውን፣ አምባዛውንና ነጭ ዓሣውን በየዓይነቱ አስገባሁ። ስማቸው አንድ ጊዜ በ«ሀ» ሌላ ጊዜ በ«ኃ» በመጻፉ እንደ ሁለት ሰው የተቆጠሩትን አባላት አስተካክዬ ኪሎውን ደመርሁ። ይህ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሪፖርቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት በኤክሴል ያዘጋጀው ቅጽ ለቀን አንድ ዓምድ ብቻ ነበረው፤ የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚጻፍበት የሚገልጽ አንድ ቃል እንኳ አልነበረበትም። ሄጄ ብጠይቅ «እንዳለ አስገባው፤ ሲስተሙ ይቀበለዋል» ተባልሁ። እውነትም ተቀበለው። መዝገብ ያዧ መጋቢት 15 ብላ የጻፈችውን 15/7/2011 ብዬ ሳስገባ፣ ኤክሴል ጁላይ 15 አድርጎ አነበበው። የወሮቹን ድምር በፈረንጅ ስም ሲያወጣልኝ ደግሞ፣ ቁጥሩን ያስገባሁት ራሴ መሆኔን ዘንግቼ ጁላይን ሐምሌ ብዬ ተረጎምሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ቅጹ ቢያሳስተኝም ሳልጠራጠር ያለፍሁት እኔ ነኝና።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ የካቲት 25 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 20 ስለዋለ፣ መጋቢት በሙሉ ጾም ነበር፤ የዓሣ ገበያ የሚደራውም ያኔ ነው። በእኔ ሰንጠረዥ ግን ይህ ሁሉ ዓሣ በሐምሌ የተሸጠ ሆኖ ታየ። እኔም «መረቡና ማቀዝቀዣው ለሐምሌ ይዘጋጅ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ ጽፌ በስብሰባ ላይ አነበብሁ።

ሊቀ መንበሩ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ልጄ፣ ዓሣ የሚፈለገው በሁዳዴ ነው። ሐምሌማ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ነጩ ዓሣ ሽቅብ የሚወጣበት ነው፤ ያኔ መረብ ጨምሩ ትለናለህ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣው ለመራባት ነው፤ ተመራማሪዎች ለመመናመኑ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱም በዚህ ወቅት በወንዞቹ አፍ መረብ መጣሉ ነው። ምክሬ ተግባራዊ ቢሆን ኖሮ ከገንዘቡ በላይ የጣናን ዓሣ ይጎዳ ነበር።

ቤቴ ገብቼ እያንዳንዱን ቀን ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር ሌላ ስሕተት አገኘሁ። ጥቅምት 29 እና 30 ከድምሩ ውስጥ የሉም፤ ኤክሴል 2ኛውን ወር እንደ ፌብሩዋሪ ያነባል፤ በፈረንጆቹ 2011 ፌብሩዋሪ ደግሞ ከ28 ቀን አያልፍምና። 13ኛ ወር ስለማያውቅም የጳጉሜንን ስድስት ቀናት እንዲሁ ትቷቸዋል። ስምንት ቀን ሙሉ የደከሙበት ዓሣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከወር ድምሩ ወጥቷል። ምልክቱ አንድ ብቻ ነበር፦ እንደ ቀን ያልተቆጠሩት ጽሑፎች ከሌሎቹ ተለይተው በሳጥናቸው ግራ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ስሕተቱን ሳመለክት መሥሪያ ቤቱ «ከማስገባታችሁ በፊት ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይሩ» አለ። በዚህ አልስማማም። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ቢውልም፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት፣ እንደ 2012 ዓ.ም. መግቢያ፣ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ይህን በቃል እያሰላ የሚጽፍ ሰው ለወራት በአንድ ቀን ይሳሳታል። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በመዝገቡ ላይ እንዳሉ ይግቡ፤ ልወጣው ኋላ በቀመር፣ በአራተኛ ዓምድ ይሠራ። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ እንደወጣም፣ ሪፖርት ከመጻፉ በፊት፣ መረብ ለሚጥሉት ሰዎች ይታይ። እኔ ያሳየሁት ከጻፍሁ በኋላ ነው።

ስለ ቅጹ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ባሳውቅም መልስ አላገኘሁም። ማኅበሩ ግን ማቀዝቀዣውን ለየካቲት አደረሰ፤ መዝገብ ያዧም በምታስገባበት ሰንጠረዥ ላይ ለጳጉሜን ራሱን የቻለ ገጽ ከፍታለታለች።