ከብጣሽ ጨርቅ የሚሠራ የልጆች ፀጉር ማስያዣ፦ ከላይ ከሚታየው ይልቅ ውስጡ

ልብስ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ብጣሽ ለሌላ ልብስ አይበቃም፤ ለልጅ ፀጉር ማስያዣ ግን ከበቂ በላይ ነው። 7 በ32 ሴንቲሜትር ከሆነች ቁራጭ አንድ ሙሉ ባለላስቲክ ማስያዣ ይወጣል። 4 በ7 የምትሆነው ትንሿ እንኳ ቢራቢሮ ለሚመስለው ማስያዣ መካከሉን የምትጠቀልል ወገብ ትሆናለች። ስለዚህ ጨርቅ አይቸግርም። የልጅ ማስያዣ በሳምንቱ የሚፈታው፣ ወይም ልጅቷ «ያመኛል» ብላ ከፀጉሯ መንጭቃ የምትጥለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በማይታየው ክፍሉ ምክንያት ነው፤ ላስቲኩ በግምት ተቆርጧል፣ ጫፉ በቋጠሮ ብቻ ታስሯል፣ ክሊፑ በኮላ ብቻ ተለጥፏል። እዚህ ላይ የምናተኩረው በዚያ ክፍል ነው።

የሚሆነውንና የማይሆነውን ብጣሽ መለየት

ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት። ክሩ ሳስቶ ብርሃን በየቦታው የሚያሾልክ ከሆነ ተዉት፤ ላስቲኩ በተሳበ ቁጥር ከስፌቱ አጠገብ ይተረተራል። የአሮጌ ሸሚዝ ክርንና የአንገትጌው እጥፋት እንደዚህ ናቸው። ከአሮጌ ልብስ ጥሩ ሆኖ የሚገኘው የሸሚዝ ጀርባ፣ የቀሚስ የታችኛው ዘርፍ፣ እንዲሁም ኪስ ተሰፍቶበት ተሸፍኖ የቆየው ቦታ ነው። እሱ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም።

ለመስፋት የሚቀለው ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ፖፕሊን ከሆነ ደግሞ ቅርጽ ይይዛል። ሳቲን ለስላሳ ስለሆነ ፀጉርን አይፈትግም። ለተጠቀለለና ለሚደርቅ ፀጉር ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፤ ነገር ግን ዳሩ ቶሎ ይፈታል፣ ስፒልም ቀዳዳ ይተውበታል። ስለዚህ ስፒሉን ስፌት በሚያርፍበት ትርፍ ላይ ብቻ ውጉት። ከፋይ ስስ ፀጉርን ሳያንሸራትት ይይዛል፤ ለትንሽ ማስያዣ ግን ይወፍራል። ጂንስን ለዚህ ሥራ አንመክርም፤ በቱቦ መልክ ተሰፍቶ አይገለበጥም፣ ቢገለበጥም እንደ ገመድ ይደርቃል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ካላወቃችሁ አንድ ክር መዝዛችሁ ሳህን ላይ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ይህን ማወቅ ኋላ ዳሩን ስታበጁ ይጠቅማል፦ ፖሊስተር ሳቲን ዳሩ ሻማ ነበልባል አጠገብ ፈጠን ብሎ ሲያልፍ ይቀልጥና መፈታቱን ያቆማል፣ ጥጥ ግን ይነድዳል።

ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ አትስፉ። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ የተሰፋበት የፖሊስተር ክር ግን አይሰበሰብም፣ እና ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ስፌቱ ዳር ዳሩን ይጨማደዳል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ብጣሽን ደግሞ በረጠበ ነጭ ጨርቅ አሻሹት። ነጩ ከተነካካ ተዉት፤ የልጅ ራስ ያልባል፣ ቀለሙ ግንባርና አንገትጌ ላይ ይወርዳል።

ባለላስቲኩ ማስያዣ

ብዙዎች ስክራንቺ የሚሉት፣ ጨርቁ በላስቲክ ላይ የሚሸበሸበው ማስያዣ ነው። አሜሪካዊቷ ሮሚ ሬቭሰን በ1987 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘችበት ይህ ነገር የተሠራው ፀጉር የማይበጥስ ማስያዣ ስትፈልግ ነበር። ለልጅ ሲሠራም ዓላማው ያው ነው፤ ስለዚህ ልኬቱ ከላስቲኩ ይጀመራል።

ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለች ልጅ ጨርቁ 5 በ24፣ ላስቲኩ 11 ሴንቲሜትር ይሁን። ከ4 እስከ 8 ዓመት 7 በ32 ጨርቅና 14 ሴንቲሜትር ላስቲክ። ከዚያ በላይ ላለች፣ ፀጉሯም ብዙ ለሆነ፣ 8 በ40 ጨርቅና 17 ሴንቲሜትር ላስቲክ። ብጣሹ ከእነዚህ ልኮች ባይገጥምም ችግር የለም፤ የጨርቁ ርዝመት የላስቲኩ ሁለት እጥፍ አልፎ ከሁለት ተኩል እንዳይበልጥ ብቻ ጠብቁ። ካነሰ ሽብሽቡ ይጠፋና ማስያዣው ልሙጥ ይሆናል። ከበዛ ጨርቁ እርስ በርሱ ተጨናንቆ ላስቲኩ ተስቦ መመለስ ያቅተዋል፣ ፀጉሩም ቀስ በቀስ ይንሸራተታል።

ላስቲኩ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ጠፍጣፋ ይሁን። ከመቁረጣችሁ በፊት እጥፍ እስኪሆን ሳቡትና ልቀቁት። ወደ ልኩ ካልተመለሰ፣ ወይም ሲሳብ ውስጡ ኩርሽም ኩርሽም ካለ፣ ጎማው ደርቋል። ከአሮጌ ልብስ ወገብ የወጣ ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ስለሆነ ጨርቁን ብቻ ከአሮጌ ልብስ ውሰዱ፣ ላስቲኩን አዲስ አድርጉ።

32 ሴንቲሜትር የሚደርስ አንድ ወጥ ቁራጭ ካልተገኘ፣ 12 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ብጣሾች ይቀጠላሉ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 1.4 ሴንቲሜትር ስለሚበላ 33.2 ይቀራል፤ ይበቃል። የመጋጠሚያውን ትርፍ ወደ አንድ ወገን አታጥፉት፤ ወደ ግራና ቀኝ ከፍታችሁ በካውያ ተኩሱት። ካልሆነ ቱቦው ሲገለበጥ መርፌ ቁልፉ እዚያ ይሰነቀራል። የሦስቱ ጨርቆች ውፍረትም ይቀራረብ። አንዱ ሳቲን አንዱ ከፋይ ከሆነ ሽብሽቡ ሁሉ ወደ ስሱ ጨርቅ ይሸሻል።

አሁን ጨርቁን ፊትና ፊቱን አጋጥማችሁ በርዝመቱ እጠፉና ከዳሩ 0.7 ሴንቲሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። የስፌቱ እርምጃ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር፣ መርፌው ለስስ ጨርቅ ቁጥር 70፣ ለፖፕሊን ቁጥር 80። ጠባብ ቁራጭ ሲጀመር መኪናው ጨርቁን ወደ ጥርሱ ስር ስቦ የሚውጠው ጥርሱ የሚይዘው በቂ ጨርቅ ስላላገኘ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሌላ የማይፈለግ ብጣሽ ላይ ስፌቱን ጀምሩ፣ ሳታቋርጡ ወደ እውነተኛው ቁራጭ ተሻገሩ፣ በኋላ በመካከል ያለውን ክር ቁረጡ። ሁለቱንም የክር ጫፎች ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ወደ ኋላ ያዝ ማድረግም ይረዳል። መኪና ለሌለው የእጅ ስፌትም ይሆናል፤ ግን መርፌው በየእርምጃው ወደ ኋላ የሚመለስበት ስፌት መሆን አለበት። ውስወሳ ብቻ ከሆነ ሲሳብ ይከፈታል።

ቱቦውን በመርፌ ቁልፍ ገልብጡ። ላስቲኩን ስታስገቡ የኋላ ጫፉን ከጨርቁ ጋር በስፒል አያይዙት። ይህች ትንሽ ነገር ስትረሳ ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባና ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ላስቲኩ እንዳልተጠማዘዘ አረጋግጡ፣ ሁለቱን ጫፎች 1.5 ሴንቲሜትር አደራርቡና በዚግዛግ ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት፣ ወይም በእጅ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ስፉት። ቋጠሮ አታድርጉ። ቋጠሮ የራስ ቆዳን ይጫናል፣ ልጅ ስትተኛ ይወጋታል፣ ከጊዜ በኋላም ይንሸራተታል።

ለመዝጋት የአንዱን የጨርቅ ጫፍ 0.7 ወደ ውስጥ አጥፉ፣ ሌላውን ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጡ ክተቱና በእጅ በማይታይ ስፌት ዙሪያውን ዝጉት። ብዙ ሰው ይህን ቦታ በመኪና ጨፍልቆ ይዘጋዋል። ይቻላል፤ ግን ሽብሽቡ እዚያ ላይ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ጥርስ ይመስላል፣ መርፌው ላስቲኩን ከያዘው ደግሞ ጨርቁ በአንድ ወገን ተከማችቶ ይቀራል።

ልክ መሆኑን በፀጉር ላይ ሞክሩ። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ጣት በማስያዣው ስር በቀላሉ መግባት አለበት። የጆሮ ግንድና የግንባር ቆዳ ወደ ላይ ከተሳበ ላስቲኩ አጥሯል፤ አንድ ሴንቲሜትር ጨምሩ። በዚህ ላይ ቸል ማለት አይገባም። በየቀኑ አጥብቆ መሳብ የፊት ለፊቱን ፀጉር ያሳሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለም ፀጉሩ ከሥሩ ላይበቅል ይችላል።

ቢራቢሮ በክሊፕ ላይ

18 በ12 ሴንቲሜትር ቁረጡ። ክሩ ቀጥ ያለበትን አቅጣጫ ተከተሉ፤ ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ክንፉም ይንጠለጠላል። ፊትና ፊቱን አጋጥማችሁ በ12ቱ በኩል ለሁለት እጠፉት፣ ሦስቱን ክፍት ጎኖች በ0.7 ስፉ፤ ነገር ግን በረጅሙ ጎን መካከል 4 ሴንቲሜትር ክፍት ተዉ። መክፈቻው መካከል ላይ የሚሆነው ኋላ ወገቡ ስለሚሸፍነው ነው። ጥጎቹን ስፌቱን ሳትነኩ በሰያፍ ቁረጡ፣ ገልብጡ፣ ጥጉን በደነዘዘ እንጨት ገፍታችሁ አውጡ። በመቀስ ጫፍ ከገፋችሁ ይበሳል። ከተተኮሰ በኋላ 16.6 በ5.3 የሆነ ለስላሳ አራት ማዕዘን ይወጣል።

ጨርቁ ስስ ከሆነ ከመስፋታችሁ በፊት ጀርባው ላይ በካውያ የሚለጠፍ ማጠንከሪያ አድርጉበት፤ ማጠንከሪያውን ግን 16.6 በ10.6 አድርጋችሁ ቁረጡት። ስፌቱ ውስጥ ከገባ ዳሩ ይወፍራል።

ቢራቢሮ የሚጣመመው መካከሉን በግምት ስለምንጨብጠው ነው። አራት ማዕዘኑን ለሁለት አጥፋችሁ መካከሉን በጥፍር ምልክት አድርጉ። በዚያ መስመር ላይ መጀመሪያ መሃሉን ወደ ላይ አንድ ጉብታ አድርጉ፣ ከዚያ ሁለቱን ዳሮች ወደ ኋላ እጠፉ። ከዳር ጀምሮ የታጠፈ አንዱን ክንፍ ትልቅ ያደርገዋል። እጥፋቱን በመርፌ አንድ ጊዜ ውጉት፣ ክሩን አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥማችሁ አጥብቁት፣ ከጀርባ ቋጥሩ። የወገቡ ቁራጭ 4 በ7 ነው፤ በሦስት ታጥፎ ወደ 1.3 ሴንቲሜትር ይጠብባል። ዙሪያውን አዙሩት፣ ትርፉን ከጀርባ ቁረጡ፣ ስፉት።

እንደ ልብስ መቆንጠጫ ከኋላ ሲጫን አፉን የሚከፍተው የብረት ክሊፕ፣ 4.5 ሴንቲሜትር የሚሆነው፣ ለዚህ ቢራቢሮ ይመጥናል። ባዶ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ትኩስ ኮላ አይጨብጠውም፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ኮላው ራሱ ይላላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የክሊፑን የላይኛውን ከንፈር በስስ ጨርቅ ወይም በጥብጣብ ጠቅልሉ፣ ጥብጣቡን ዙሪያውን ስፉ፣ ከዚያ ቢራቢሮውን ከጥብጣቡ ጋር ስፉት። ኮላ ከተጨመረ ለማገዝ ነው እንጂ ብቻውን ሸክሙን ለመያዝ አይደለም። የታችኛውም ከንፈር ቢለበስ ፀጉር በብረቱ ጥርስ ተይዞ አይነቀልም፣ ስስ ፀጉርም አይንሸራተትም።

ቢራቢሮው ላይ ዶቃ ወይም አዝራር የማድረግ ፍላጎት ይመጣል። ከ3 ዓመት በታች ላለች ልጅ አታድርጉ። ለአሻንጉሊት በወጡ ደንቦች 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ለማነቅ እንደሚችል ይቆጠራል፤ ትንሽ ክሊፕ ራሱ በዚህ ልክ ሊገባ ስለሚችል ለሕፃን ባለላስቲኩ ይሻላል። ለትልልቆቹ የሚሰፋ ዶቃም በክር በአንድ ዙር ሳይሆን በአራት አምስት ዙር ይያዝ፣ ከዚያ በሙሉ ጉልበት ተስቦ ይፈተን። የአውሮፓ የአሻንጉሊት መለኪያ ከ6 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ቁራጭ 90 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 9 ኪሎ የሚደርስ መጎተት እንዲችል ይጠይቃል፤ ጥሩ መመዘኛ ነው።

ራስ ማሰሪያ

እዚህ ላይ ዋናው የራስ ዙሪያ ነው። በ1 ዓመት 45 ወይም 46፣ በ3 ዓመት 49፣ በ5 ዓመት 50 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ሆኖም ልጆች ስለሚለያዩ በሜትር ለኩ። ያለቀለት ማሰሪያ ከራሱ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይነስ። ለ50 ሴንቲሜትር ራስ የፊቱን ጨርቅ 40 በ14፣ የኋላውን 17 በ6፣ ላስቲኩን 2 ሴንቲሜትር ስፋትና 11 ሴንቲሜትር ርዝመት አድርጉ። ሁለቱንም ቱቦ አድርጋችሁ ስፉ፣ ላስቲኩን በኋላኛው ቱቦ ውስጥ አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፎች ከጨርቁ ጋር ያዙ፣ የፊቱን ጫፎች እስከ ኋላው ስፋት ሸንሽኑና በየጫፉ አንድ ሴንቲሜትር ገባ አድርጋችሁ አጋጥሙ። መጋጠሚያው ከጆሮ ኋላ ይውላል። ጆሮ ላይ ካረፈ የፊቱ ቁራጭ አጥሯል። ሕፃን ስትተኛ ማሰሪያው ይውለቅ፤ ወደ አፍንጫና ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል።

የመጨረሻዋ ብጣሽ

ለምንም የማትሆን የምትመስል ቁራጭ 8 ሴንቲሜትር ክብ ከወጣት አበባ ትሆናለች። ዳሯን ወደ ውስጥ ግማሽ ሴንቲሜትር እያጠፋችሁ ወስውሱ፣ ክሩን ሳቡ፣ ቋጥሩ፤ ከ3.5 ሴንቲሜትር ያልበለጠች ትሆናለች። መካከሏ ክፍተቱ ቢሰፋ ብዙዎች ክሩን ያጠብቃሉ፣ ክሩም ይበጠሳል። ምክንያቱ የመወስወሻው እርምጃ ማጠሩ ነው፤ አጭር እርምጃ ብዙ ትንንሽ ሽብሽብ ሠርቶ መሃሉን አያስጠጋም። ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር አርቃችሁ ወስውሱ፣ ቀዳዳው ይጠባል።

ባለላስቲኩን በእጅ የዘጋችሁበትን ቦታ በሌላ ቀለም ክር አንዲት ነጥብ ምልክት አድርጉበት። ጨርቁ ከላስቲኩ ይልቅ ይቆያል፤ ላስቲኩ ሲላላ በዚያች ቦታ ብቻ ስፌቱን ፈትታችሁ አዲስ ላስቲክ በልኩ ታስገባላችሁ።