ድሬ ላይ ሆኖ ከበርንአውት መውጣት

«ከበርንአውቱ እንዴት ተሻለሽ?» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል፤ በተለይ እንደ እኔ ትራንዚት ላይ፣ ማለትም የደንበኛን ዕቃ ጉምሩክ በማስጨረስ የሚሠሩት። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

በርንአውት ተራ ድካም አይደለም። ተራ ድካም ቢሆን እሁድን ተኝታችሁ ሰኞ ቀለል ይላችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ሲያብራራው በሽታ አላለውም፤ መላ ሳይበጅለት ከቆየ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነው አለ። ሦስት ምልክትም ሰጠው፦ አቅም ሙጥጥ ብሎ ማለቅ፣ ሥራውን መጥላት ወይም በልብ ከሥራው መራቅ፣ እና የሚሠሩት ሁሉ የማይረባ መስሎ መታየት። ሦስቱም ነበሩብኝ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስሞላ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ አይገባኝም። ስልክ ሲጠራ ገና ማን እንደሆነ ሳላይ ሆዴ ይገለባበጣል።

ሰው ሁሉ ምክር አለው። «ሐረር ውጪና ነፋስ ተቀበዪ» አሉኝ። ወጣሁ። መንገዱ ላይ ደንገጎ ስትደርሱ የሚቀበላችሁ ብርድ በእውነት ነፍስ ይዘራል፤ ጀጎል ውስጥ በጠባቦቹ መንገዶች ስዞር ሥራ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ በር ላይ ስደርስ ግን ያው ነኝ። እረፍቱ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ መግባት እንዳለበት ያኔ ነው የገባኝ።

ለዚህ ደግሞ ከድሬ የተሻለ ከተማ የለም። ድሬ ቀትር ላይ ታርፋለች። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ከዚራ ሰፈር ጭር ይላል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ይላል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ስንፍና ይለዋል፤ ሙቀቱን የሚያውቅ ሕዝብ ያወጣው ሥርዓት ነው እንጂ። እኛ ቢሮ ግን ኤሲ አለና ቀትር የሚባል ነገር ጠፍቷል፤ ምሳ የሚበላው ኮምፒውተር ላይ እንደተፈጠጠ ነው። አከራዬ ናቸው አንድ ቀን ዶክመንት ልወስድ ቤት ብቅ ስል በር ላይ ይዘው ያስቀሩኝ። «በዚህ ፀሐይ ምን ያንከራትትሻል ልጄ? ግቢና ጋደም በይ።»

ገባሁና ጋደም አልኩ። አሁን ልማድ ሆኗል። ቤቴ ለቢሮ ቅርብ ነው፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ምሳዬን እበላለሁ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትቼ ሲሚንቶው ላይ ስስ ፍራሽ አነጥፋለሁ፣ አላርም ሞልቼ ሃያ ደቂቃ አርፋለሁ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተኛችሁ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ትገቡና ስትነሱ ጭንቅላታችሁ ይደነዝዛል። እንቅልፍ ባይመጣም ግድ የለም፣ ዓይን መጨፈኑ ብቻውን ይረዳል።

ማታ ደግሞ ገላ መታጠብ። ቀላል ይመስላል፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሰውነት እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ሙቀቱ ዝቅ ማለት አለበት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ የድሬ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ነው የሚተፋው። የሮቶው ውሃ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል አመሻሽ ላይ ያቃጥላል። ስለዚህ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ሁለት ባልዲ ቀድቼ ጥላ ሥር ክዳን አድርጌ አስቀምጣለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ በጆግ እየቀዳሁ ከአንገቴ ጀምሬ ቀስ ብዬ አፈሳለሁ፤ የተረፈችውን ወለሉ ላይ እረጫለሁ። ከዚያ ስልክ የለም።

ቡናን አልተውኩም፣ ወደ ጠዋት አመጣሁት። ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ አሥር ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ ነው። ከሰዓት ጎረቤት ቡና ስትጠራኝ እሄዳለሁ፣ ቁርሱን እበላለሁ፣ እጫወታለሁ፣ ስኒውን ብቻ አልነካም። መጀመሪያ ቅር አላት፣ አሁን ለምዳዋለች።

ስለ ጫት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እዚህ ከተማ ደከመኝ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት እሱ ነው። በርጫው፣ ተሰብስቦ መቃሙ፣ ጨዋታ አለው፣ ሰው ያገናኛል፣ አውቃለሁ። ግን ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚያነቃ ነገር ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ያንን ለማውረድ ደግሞ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጡ፣ ይመጣል። ለዛለ ሰው እንቅልፍና ምግብ ዋናው መድኃኒት ነው፣ ሁለቱንም ነው የሚወስድበት። ወንድሞቼን የምለምነው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። ሥራው እንዳለ ከተቆለለ ገላ መታጠብም፣ ቀትር ማረፍም ብቻውን አያድንም፤ ችግሩ የመጣው ከሥራው ነውና። እኔ በእጄ ያለውን ፋይል ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ አለቃዬ ፊት አስቀመጥኩ። ደክሞኛል ብቻ ብዬ ቢሆን «አይዞሽ» ተብዬ እመለስ ነበር፤ ዝርዝሩን ሲያይ ግን እሱም ደነገጠ። አንድ ትልቅ ደንበኛ ለባልደረባዬ ተሰጠ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ኮንቴይነር ካልተያዘ በስተቀር እንዳይደወልልኝ ተስማማን። ሁሉም አለቃ እንዲህ አይሆንም፣ ግን ሳይጠየቅ የሚቀንስ የለም።

እና ደም ተመርመሩ። ደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ልክ እንዲህ ያዝላሉ፣ በእረፍት ደግሞ አይድኑም። ከድካሙ ጋር ተስፋ መቁረጥ ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ይህን ሁሉ ተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።